ዘግይታ አልመጣችም

ስቶክሆልም፣ ሄሰልቢ
ሴፕቴምበር 10 ቀን 2006 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ሸኪብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? የላክሁት መነጽር ተስማማዎት ወይስ አሁንም ጋዜጣውን ከክንድ አርቀው ነው የሚያነቡት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እዚህ ቀኑ ማጠር ስለጀመረ ዘንድሮ ጾሙ ይቀለናል።

ስልክ እንደሚፈጥን አውቃለሁ። ነገር ግን ቴሌ ቤት ቆመው ሲያነጋግሩኝ ከኋላዎ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ስለሚሰማ «ደህና ነን፣ ሁሉም ደህና ነው» ብለው ይዘጉታል። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ አባቴ ከሞተ በኋላም ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና የልባችንን በወረቀት እንጻጻፍ።

በጤና ጣቢያው ቦርድ የሕዝብ ተወካይ ሆነው መመረጥዎን ከአገር ቤት እዚህ የሚመላለሰው ሙዝደሊፋ ነጋዴው ነገረኝ። ወላሂ፣ ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ባቡሩ ውስጥ መውረጃዬን አልፌ ሄድሁ። እሑድ አልቢ ሰፈር ስንሰበሰብ ለማኅበራችን ሴቶች ብነግራቸው «እንግዲህ ዕቃችን ጠባቂ አገኘ» አሉ። አዋጥተን የላክነው የማዋለጃ አልጋና የመድኃኒት ፍሪጅ ሥራ ጀመረ ወይ? እስቲ ይጻፉልኝ።

አብሮ አደጌ ተጂቱስ? ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች ሰምቻለሁ። ለሚወለደው ልጅ ልብስ በሙዝደሊፋ እጅ ልኬያለሁ። አደራ፣ ቤት እንዳትወልድ። እኛ ያን አልጋ የላክነው እንደ እሷ ላሉት ነው። ለእናቷ ለደሚቱም እንዲህ ብላለች ብለው ይንገሩልኝ።

ሥራዬ ያው ነው፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነኝ። ቤቱን ከኮሙኑ፣ ማለት ከመንግሥት፣ በጨረታ የያዘው አንድ ኩባንያ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሰው ቀንሰውብናል፤ ለአሥራ ስምንት አረጋውያን ሁለት ሆነን እንውላለን። ኢንግሪድ የሚሏት የዘጠና ዓመት ሴት አለች። ልብሷ ርሶ ሰዓታት የምትተኛበት ቀን ብዙ ነው፤ አንጀቴን ትበላኛለች። ምን ይደረጋል፤ ሁለት እጅ ነው ያለኝ። ቢሆንም አገሩ ሕግ ያለው አገር ነው፤ አንድ ቀን ይስተካከላል።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ ማሂራ


ኅዳር 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሂራ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ካንቺም ከልጆችሽም ክፉውን ያርቅ። ደብዳቤሽ በወሩ ደርሶኛል፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። መነጽሩ ደህና ነው። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ወጣ፤ ማሽላውም ያዘ።

ስለ ቦርዱ ጠይቀሻል። ሰባት ነን። ሰብሳቢያችን የወረዳው ምክትል አስተዳዳሪ ናቸው። ጸሐፊው የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ቸሩ ነው። እኔ ከሕዝብ ወገን ነኝ። በጥቅምት አጋማሽ፣ ከዒድ በኋላ፣ ደሴ ወስደው ሦስት ቀን አሠለጠኑን። ቦርሳና እስክሪብቶ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍም ሰጡን። ርዕሱ «ለጤና ተቋማት የመልካም አስተዳደር መርሆዎች» ይላል። ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ አሳታፊነት እያለ ይቀጥላል። ጥሩ ትምህርት ነበር።

ፍሪጁ ሥራ ላይ ነው። እንዳይነካካ ተብሎ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ በክብር ተቀምጧል።

ተጂቱን አላህ ወስዷታል። በወሊድ ነው። ዘግይታ ስለመጣች ሊያተርፏት አልቻሉም፤ ልጁ ግን ደህና ነው፣ ደሚቱ ታሳድገዋለች። ቀኗ ነውና አትዘኝ፤ ዱዓ አድርጊላት።

ሌላው፣ መብራት እየጠፋ ስላስቸገረን ቦርዱ ጄኔሬተር ያስፈልገናል ብሎ ወስኗል። ማኅተም ያለበት የድጋፍ መጠየቂያ ከዚህ ጋር አባሪ አድርጌአለሁ። ለማኅበራችሁ ሴቶች አሳዪአቸው።

አጎትሽ ሸኪብ


ሄሰልቢ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2006 እ.ኤ.አ.

አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ቢያጥር ከንዴቴ ነው፤ አይቀየሙኝ። ቢቀየሙኝም ግድ የለም።

አብሮ አደጌን በሦስት መስመር ቀብረው ወደ ጄኔሬተር አለፉ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። የእርስዎ እጅ ጽሕፈት ነው፤ የእርስዎ ቃል ግን አልመስል አለኝ። እርስዎ እኮ የተማሪ ድርሰት ላይ «ማን? መቼ? እንዴት?» ብለው በቀይ የሚጽፉ ሰው ነዎት።

ሙዝደሊፋ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ቤቴ ጋብዤው ስለ ተጂቱ ስጠይቀው መጀመሪያ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። አጥብቄ ስይዘው ተናገረ። የገበያ ቀን ስለነበር ያላየ ሰው የለም አለ። ተጂቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳያዘቀዝቅ፣ በገዛ እግሯ ነው የገባችው። በደህና ተገላገለች። ከዚያ በኋላ ነው ደሟ አልቆም ያለው። ነርሷ አሰጋሽ የደም ማቆሚያውን መርፌ ልታመጣ ብትሮጥ መድኃኒት ክፍሉ ተቆልፏል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አቶ ቸሩ ይዞት ሄዷል። ነርሷ በሩን በድንጋይ ልትሰብር ስትል ጥበቃው ከለከላት። መርፌው እኛ በላክነው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከተጂቱ አልጋ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ደሟ ሲፈስ ቆይታ ሞተች።

«ዘግይታ ስለመጣች»!

ማን ነው ይህን የጻፈው? ማንስ ነው የፈረመው? ሙዝደሊፋ እንደሚለው ቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ እሱም እናትየዋ ዘገየች፣ ነርሷም አልተጋችም ብሎ ይዘጋል። አሰጋሽን ከሥራ ሊያባርሯት ነው። ጸሐፊው ቸሩ ከሆነ ቸሩ ስለራሱ ጥፋት ራሱ ጽፎ ራሱ መረመረ ማለት ነው። ከዚያስ ሰባት ሰው አጸደቀለት? ይህ ነው ደሴ ድረስ ሄዳችሁ የተማራችሁት?

እዚህ አገር ቢሆን ጋዜጣ ላይ ይወጣ ነበር። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አይሸፋፈንም።

ስለ ጄኔሬተሩ ለሴቶቹ አልነግርም። ምን ብዬ? የላካችሁት ፍሪጅ ተቆልፎበት ሰው ሞተ፤ አሁን ደግሞ ቁልፉን የያዘው ሰው መብራት ፈለገ ልበል?

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ። እርስዎ ፈርመዋል?

ማሂራ


የካቲት 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለማሂራ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁለት ወር ተኩል ያልመለስሁት ተናድጄብሽ ነው። በስተርጅና የምሰደበው በገዛ ልጄ ነው ወይ ብዬ ወረቀትሽን ሣጥን ውስጥ ጣልሁት። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ያለበት ክፍል ውስጥ መተኛት አቃተኝ።

ፈርሜያለሁ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ስብሰባው የተጠራው ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት ጥሪ ሲቃረብ ነው። ቸሩ አራት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣና «የተለመደ ሪፖርት ነው» አለ። ሰብሳቢው ቸኩለው ነበር፤ መኪናቸው ሞተር አስነስታ ትጠብቃቸዋለች። ወረቀቱ ተራ በተራ ዞረ። የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው የተገለጠልኝ፤ ስሜ ተጽፎ ነጥብ ነጥብ ተደርጎበታል። ሠላሳ ዓመት «ሳታነቡ አትመልሱ» ያልሁ ሰው ሳላነብ ፈረምሁ።

ግን ማሂራ፣ ባነበውም እፈርም ነበር ብዬ ነው የምፈራው። ሙዝደሊፋ የማያውቀው አለ። ተጂቱ በሞተችበት ሰዓት ቸሩ የት ነበር ትያለሽ? ደሴ፣ ሥልጠናው ላይ፣ ከጎኔ። ቁልፉ ከቦርሳው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። አሠልጣኙ ስለ ተጠያቂነት ያስተምራል። የቸሩ ስልክ ጮኸ፤ ጎንበስ ብሎ አነሳው። «አትስበሩ። የመንግሥት ንብረት ነው። በሩ ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ። ነገ እመጣለሁ» ሲል ሰማሁት። ዘጋውና አጠፋው። እኔም ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም። የሻይ ሰዓት ደርሶ ነበር። ተነስቼ ሻይ ጠጣሁ።

ይኸው ነገርሁሽ። ከሚስቴ በቀር የሰማው የለም።

አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ። «እዚህ አገር ቢሆን» ብለሻል። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ አልጠፋብኝም። አንዲት አሮጊት ርሳ ትውላለች፣ ምን ይደረጋል ብለሽ ጽፈሽልኛል። ሕግ ያለው አገር ነው ብለሻል። እስቲ ንገሪኝ፤ ሕጉ እግር አውጥቶ ወደ እሷ ክፍል የሚሄደው መቼ ነው? አንቺ ከነገርሽው በኋላ ነው ወይስ እስክትሞት ጠብቆ? ለማን ተናገርሽ? እኔ በሽማግሌነቴ ፈራሁ እንበል። አንቺን ማን ያዘሽ?

ከቤት ሁሉም ሰላም ይሉሻል።

ሸኪብ


ሄሰልቢ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2007 እ.ኤ.አ.

አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም።

ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ ነው የከፈትሁት። «ሻይ ጠጣሁ» የሚለው ጋ ስደርስ አፌን በሻርፔ ሸፈንሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳት? ሁለተኛ አልጽፍለትም፣ ድምፁንም አልሰማም ብዬ ማልሁ። ተጂቱ እኮ የእርስዎ ተማሪ ነበረች! ያን ስልክ አንድ ጊዜ «ምንድን ነው?» ቢሉት ኖሮ፣ አንድ ጊዜ...

መሓላው አራት ቀን ቆየ። ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄዎ ያዘኝ። መልሱ ከእርስዎ የባሰ ነው።

ኢንግሪድ በራሷ መገላበጥ አትችልም። ገላዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን እናዞራታለን። አልጋዋ ግርጌ ወረቀት ተሰቅሏል፤ ባዞርናት ቁጥር ሰዓቱን ጽፈን የስማችንን ፊደል እናኖራለን። ሰው ከተቀነሰ ጀምሮ አናዞራትም። ጊዜ የለንም። ወረቀቱ ግን ሙሉ ነው። ሥራ ልንወጣ ስንል ቆመን ስምንት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት እያልን እንሞላለን። «ማ» የሚለው የእኔ ነው፤ በእነሱ ፊደል። ወራት ሙሉ በየቀኑ ሐሰት ፈርሜያለሁ። እርስዎ አንድ ጊዜ ነው የፈረሙት።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሳምንት ፋሻዋን ስፈታ ዳሌዋ ላይ ያለው ቁስል አጥንት ድረስ ዘልቆ አየሁ። አላለቀሰችም። በስዊድንኛ «ይቅርታ አስቸገርኋችሁ» ነው ያለችኝ። ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ!

ሼፋችን ማለት አለቃችን ዘንድ ገባሁ። «ኢንግሪድ አትዞርም። ወረቀቱ ሐሰት ነው፤ የጻፍነውም እኛ ነን» አልኋት። በሩን ዘጋችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማሂራ፣ ደክሞሻል። መዞር አልፈልግም ትላለች ብለሽ ጻፊ፤ ይኼ ያልፋል» አለችኝ።

«እንደዚያ አላለችም።»

«ኮሙኑ በመከር ወር ጨረታውን እንደገና ያወጣል። ይህ ወረቀት ከወጣ ሁላችንም ሥራ እናጣለን። ያንን ትፈልጊያለሽ?»

ዘገየች ብለህ ጻፍ፤ እምቢ አለች ብለሽ ጻፊ። ቋንቋው ተለየ እንጂ ነገሩ ያው ነው አጎቴ! እኔ ሕግ ያለው አገር ነው እያልሁ እፎክርብዎት ነበር።

ሕጉስ አለ። እንዲህ ያለ ጉድለት ያየ ሠራተኛ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ሌክስ ሳራ ይሉታል። በየኮሪደሩ ተለጥፏል፤ እኛ ከሥሩ ጃኬታችንን እንሰቅላለን። ትጊ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ አብራኝ ትሠራለች። እንደ እኔ ቋሚ አይደለችም፤ በስልክ ሲጠሯት እየገባች በሰዓት የሚከፈላት ናት። ላሳውቅ ነው ስላት «ማሂራዬ፣ አንቺን አያባርሩሽም። ስልክ መደወል ነው የሚያቆሙት» አለችኝ። ከዚያ «ስዊድንኛሽን ላርምልሽ?» አለች።

ሁለት ገጽ ጻፍን። የራሴን ጥፋት አስቀደምሁ፤ በየትኞቹ ቀናት በሐሰት እንደፈረምሁ ከነሰዓቱ ዘረዘርሁ። አንዱን ለሼፏ ሰጠሁ፤ ሌላውን ራሴ ኮሙኑ ድረስ ወስጄ «ተቀብለናል» የሚል ማኅተም አስመታሁበት።

ይኸው አሥራ አንድ ቀኔ ነው፤ ስልኬ አልጮኸም።

እኔ ይህን ያደረግሁት እርስዎ ስለሰደቡኝ ነው። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። አሰጋሽ የት ደረሰች? እርስዎ የሚያውቁትን ደሚቱ ታውቃለች?

ማሂራ


ሰኔ 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሂራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ያንቺንም የእኔንም ጥፋት ይማረን። በረጅሙ እጽፍልሻለሁ።

በግንቦት መጨረሻ ጤና ጣቢያው የዓመቱን ሪፖርት ለሕዝብ አቀረበ። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ሰዉ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ሰብሳቢው መሃል፣ ቸሩ በቀኛቸው፣ እኛ ቀሪዎቹ በግራ ተቀመጥን። ቸሩ አነበበ፤ ይህን ያህል ሕዝብ ተከተበ፣ ይህን ያህል እናት ወለደች። ከዚያ «በአንዲት ነርስ ቸልተኝነት የደረሰውን ሞት ቦርዱ መርምሮ ነርሷ እንድትሰናበት ወስኗል» ብሎ አለፈ። አሰጋሽ በር አጠገብ ቆማ ነበር። ቤተሰቧ ሩቅ ነው፤ አጠገቧ የቆመላት ሰው አልነበረም። ደሚቱ ሕፃኑን አዝላ ከኋላ ተቀምጣለች።

ሰብሳቢው ጥያቄ ካለ ብለው ወዲያው «ከሌለ...» ሲሉ ተነሣሁ።

«መምህር፣ እርስዎ የቦርድ አባል ነዎት። ጥያቄ ካለዎት በውስጥ ያቅርቡ» አሉኝ።

«በውስጥማ ሰባት ወር ተቀመጠ» አልሁ። «ተጂቱ ዘግይታ አልመጣችም። በዘጠኝ ሰዓት መጣች። መድኃኒቱ ነበር፤ ቁልፉ ግን አልነበረም።»

ቸሩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «እሳቸው ራሳቸው ፈርመዋል! ፊርማቸው ይኸውና!» ብሎ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ።

«አዎ፣ የኔ ፊርማ ነው» አልሁ። «ሐሰት ላይ ነው የፈረምሁት። ሳላነብ ፈረምሁ። ቁልፉም ደሴ ከፊቴ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ነርሷ ስትደውል፣ በሩን አትስበሩ ሲባል፣ ሰምቻለሁ።»

ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሣ። «ጉድ ነው!» የሚል አለ፤ «ነፍሰ ገዳይ!» የሚል አለ፤ ለማን እንደሆነ አልለየሁትም። ሰብሳቢው ጠረጴዛ ደበደቡ። በዚያ ጫጫታ መሃል ደሚቱ መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ፊቴ ቆመች።

«ስልኩ ሲደወል እዚያ ነበሩ?»

«ነበርሁ።»

«ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ለቅሶ ቤቴ መጥተው ሦስት ቀን ተቀምጠዋል።»

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን አዙራብኝ አይደለም፤ ዓይን ለዓይን አይታኝ ነው ወደ ቦታዋ የተመለሰችው።

እኔ ቀጠልሁ። አንድ ጊዜ ከተናገርሁ ወዲያ ምን እፈራለሁ? «ጸሐፊው ተከሳሹ፣ መርማሪውም ተከሳሹ! ይኼ ቦርድ የማን ነው?» አልሁ። «ሕዝብ ወክሎኝ ገብቼ ሕዝቡ ቃለ ጉባኤውን አንድ ቀን አይቶት አያውቅም። ሹመት አማና፣ አደራ ነው፤ እኔ አማናዬን በልቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ። ነርሷን ግን በእኔ ፊርማ አታባርሯትም።» ሰብሳቢው ሕዝቡን አይተው ስብሰባውን በተኑት።

በሳምንቱ ከዞን ሦስት ሰዎች መጡ። ጥበቃውን፣ አሰጋሽን፣ እኔን ጠየቁ። ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ እያንዳንዱን ገጽ አንብቤ ፈረምሁ። አሰጋሽ ሥራዋ ላይ ናት። መድኃኒት ክፍሉ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ሁልጊዜ ተረኛዋ እጅ ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ ሰው የሞተው፤ ለአንድ ቁልፍ ግልባጭ!

ቸሩን ወደ ሌላ ወረዳ አዛወሩት፤ በዚያው ሹመት፣ በዚያው ደመወዝ። ይህን ስሰማ ራሴን መያዝ አቅቶኝ መንገድ ላይ ጮህሁ። እዚያስ በር አይቆልፍም?

ያንቺ ስልክ ጮኸ ወይ?

አጎትሽ ሸኪብ


ኡፕላንድስ ቬስቢ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 2007 እ.ኤ.አ.

ለአጎቴ ለመምህር ሸኪብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ረመዳኑ እየተገባደደ ነውና አላህ ጾማችንን ይቀበለን።

ስልኬ አልጮኸም። ትጊ እንዳለችው ነው፤ ማንም አላባረረኝም። አሁን በባቡር ኡፕላንድስ ቬስቢ እየተመላለስሁ ሌላ መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ይህንንም እዚያው በዕረፍት ሰዓቴ ነው የምጽፍልዎ።

ከኮሙኑ ሁለት ሴቶች መጥተው ነበር አሉ። ወረቀቶቹን አይተው፣ ሠራተኞቹን ጠይቀው፣ ጉድለት አለ ብለው ጻፉ። ኩባንያው ደግሞ መለሰ። መልሱ ለአመልካች ስለሚደርስ አነበብሁት። «ክትትሉ ተጠናክሯል፣ ለሠራተኞች ሥልጠና ተሰጥቷል» ይላል። ሥልጠና! እጅ ነው የጎደለን እንጂ ትምህርት አልጎደለንም። ትጊ እንደነገረችኝ በአንድ ፈረቃ አንድ ሰው ጨምረዋል። አንድ ሰው ትንሽ ነው፤ ግን ሦስት ሲሆኑ አረጋውያኑ ይዞራሉ።

ኢንግሪድ በነሐሴ ሞተች። ልጇ አድራሻዬን ፈልጋ ቤቴ ድረስ መጣች። ስድሳ የሞላት ሴት ናት። የጻፍሁትን ከኮሙኑ ጠይቃ አግኝታዋለች። «በየሳምንቱ እየመጣሁ ያንን ወረቀት አየው ነበር። ሙሉ ስለነበር ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ «ማ አንቺ ነሽ?» አለች። ነኝ አልኋት። ሻይ አቀረብሁላት፤ አልነካችውም። ስትወጣ እጄን ጨብጣኛለች፤ ለምን እንደጨበጠችኝ አላውቅም።

ሴቶቹን አልቢ ሰብስቤ ሁሉንም ነግሬአቸዋለሁ፤ የእርስዎንም የእኔንም። ብዙ ተጯጯሁ። በመጨረሻ ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ይሆናል ወይ? ቃለ ጉባኤውስ ይነበባል ወይ? በእርስዎ ቦታ ማን ገባ? መልስ እስኪመጣ አንድ አምፖል እንኳ አንልክም ብለዋል።

ማሂራ


ታኅሣሥ 1 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሂራ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ፤ በብርዱ ራስሽን ጠብቂ።

ለሴቶቹ መልስ ይኸውና። በእኔ ቦታ ደሚቱ ገባች። ሕዝቡ ነው የመረጣት። ሰብሳቢው «ማንበብ አትችልም እኮ» ቢሉ ከኋላ አንዱ «የሚችሉትንማ አየናቸው» አለ። አንገቴን ደፋሁ።

ስብሰባው አሁን በር ክፍት ተደርጎ ነው። ትናንት እኔም ሄጄ ከሕዝቡ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው። ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ለፊርማ አዞረ። ሕፃኑን ያዘለችው ደሚቱ ጋ ሲደርስ የቀለሙን ሣጥን ከፍቶ «እማማ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ» አላት።

«ምን ይላል?»

«ባለፈው የተነጋገርነው ነው።»

«አንብበው።»

«ስድስት ገጽ ነው እኮ።»

«አላህ ዕድሜ ሰጥቶናል። አንብበው።»

አነበበ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አንድ ጊዜ አዩ፤ ሰዉ ሲያያቸው እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር አወረዱ። አራተኛው ገጽ ላይ «በሰንበትም ተረኛ ባለሙያ ሳይቋረጥ ይገኛል» የሚል መጣ።

«እዚያ ላይ ቁም» አለች። «ባለፈው እሑድ ይህ ሕፃን አተኩሶት ይዤው መጣሁ። ጥበቃው ብቻ ነው የነበረው። እሱን ጻፍ።»

ወጣቱ ሰብሳቢውን አየ። ሰብሳቢው ሕዝቡን አዩ። ሰርዞ ጻፈ።

«አሁን የጻፍኸውን አንብብልኝ» አለችው። አነበበላት። ከዚያ ነው አውራ ጣቷን ያሳረፈችው።

ደሚቱ ከግንቦት ወዲህ ሰላምታዬን አትመልስም፤ እኔም አልፈርድባትም። ትናንት ግን ስትወጣ ፊቴ ቆም አለች። «የሚቀጥለው ኀሙስ ነው» አለችኝ። «ይምጡ። የሚሰማ ያስፈልጋል።»

እሄዳለሁ።

አጎትሽ ሸኪብ